የቀጨሞ ሜዳ ወፍ አፍቃሪዎች

ስለ ወፍ የማውቀው ነገር የለም። ስለ ሰው ግን አውቃለሁ፤ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ዓርብ ዓርብ አርብ ገበያ፣ በሌላው ቀን ወገዳ፣ ሲቀናኝ ደግሞ እስቴ ድረስ ጣቃ ይዤ ስዞር ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ሰው ሻሽ ሲመርጥ አንድ ጊዜ ካየሁት ይበቃኛል። ስለዚህ የከተማችን የወፍ አፍቃሪዎች ማኅበር ሲመሠረት፣ ከአባላቱ መሀል ወፍ የሚያፈቅረው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ገና ከጅምሩ ገብቶኛል። እሷም ጽጌ ናት።

ጽጌ ግቢዬ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር የባዮሎጂ መምህርት ናት። እኩዮቿ የጆሮ ጌጥ ሲገዙ እሷ የሩቅ መነጽር ገዛች። ቅዳሜ ጠዋት ሌላው ፀጉሩን ሲሠራ እሷ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቀጨሞ ሜዳ ትወርዳለች። ስትመለስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ፊቷ ግን ሠርግ ቤት የዋለች ይመስላል። «እትዬ ከሪማ፣ ዛሬ ያየሁትን ብነግርሽ!» ትለኛለች። ትነግረኛለች። ግማሹ አይገባኝም፤ ቢሆንም ደስ ይለኛል።

ቀጨሞ ሜዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ረግረግ ነው። ክረምቱን ውሃ ይተኛበታል። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲሸሽ ሳር ይተካል። ኅዳር ሲያልቅ፣ ገብሱ ታጭዶ ውድማ ላይ ሲከመር፣ ሽመላዎቹ ከየት እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ ከሩቅ አገር መጥተው ያርፉበታል። አገሩ እግሩ የረዘመውን ወፍ ሁሉ ሽመላ ነው የሚለው። ጽጌ የየራሳቸው ስም አላቸው ትላለች፤ ነግራኛለች፤ ረስቼዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ስለዚህ ሜዳ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ቻላቸው የሚባል ሰው ነው። ኮሚቴው ምኑንም ሳያጣራ ሰብሳቢው አስቀድሞ አጣርቶ ጨርሷል፤ ሜዳው ባዶ መሬት ነው፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበት ባይ ነው። ጽጌ ይህን ስትሰማ እህል አልበላ አላት። በመጨረሻ ሰውዬው ለሚስቱ ነጠላ ሊገዛ ሱቄ በመጣበት ቀን ደፍራ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ ቻላቸው፣ ሜዳው እኮ ባዶ አይደለም። ሽመላዎቹ በጋውን የሚያሳልፉበት ነው» አለችው።

ሰውዬው ነጠላውን በጣቶቹ እየፈተሸ ሳቀ። «እኔ እዚህ አገር ስኖር አንድም ቀን አላየሁም። እንግዲያው በዓይኔ ልየው። ካየሁ ሜዳው እንዳለ ይተዋል። ካላየሁ የችግኙ ጉድጓድ ይቆፈራል። ቃሌ ነው» አለ።

ቃሉን ሲሰጥ እኔ ክንድ እየለካሁ ቆሜ ነበር። ነጠላውንም ሳይገዛ ሄደ።

እዚህ ላይ ነው ጽጌ የተሳሳተችው። ሰውዬውን ብቻዋን ይዛ ብትሄድ ደግ ነበር። እሷ ግን አሰበች፤ አንዲት መምህርት ብቻዋን «ወፍ አለ» ብትል ማን ይሰማታል? ከበድ ከበድ ያሉ ሰዎች አብረው ቢመሰክሩ ይሻላል አለች። ማኅበሩ የተመሠረተው እንዲህ ነው። ርዕሰ መምህሩ ምንይችል ሊቀ መንበር ሆነ፤ እሱ ሊቀ መንበር ያልሆነበት ነገር በከተማችን የለም። ከቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡት መሪጌታ ሙሉቀን የበላይ ጠባቂ ሆኑ። ደሴ፣ ስልክ የሚጠግነውና ቲክቶክ ላይ ሲጨፍር የሚውለው፣ ፎቶ አንሺ ተባለ። እኔ ስንቅ ያዥ ሆንኩ። የሥልጣን ክፍፍሉ ብቻ ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ ስለ ወፍ የተነሣ ነገር ግን አላስታውስም።

የመውጫው ቀን በማለዳ ተቀጣጠርን። ጽጌ ከዋዜማው እየዞረች «አፈር የሚመስል ልብስ ልበሱ፤ ነጭና ደማቅ ቀለም ያባርራቸዋል» ብላ ለምናለች። መሪጌታ እንደ ወተት የነጣ ጋቢ ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ምንይችል የሚያብለጨልጭ ሙሉ ልብስ በከረባት ለብሷል። ደሴ ብርቱካንማ ጃኬት አድርጓል። ለሽመላ ሳይሆን ለጥምቀት የወጡ ነው የሚመስሉት። ጽጌ አየቻቸውና ፊት ፊት መንገዱን መራች። ሽማግሌ ልብስ ቀይር አይባልም።

ሳሩ ውርጭ አዝሎ ነጭ ሆኗል። መንገዱን ሙሉ ምንይችል የተቆላ ሽምብራ ይቆረጥማል፤ የነቢያት ጾም ገብቷልና ቁርስ አልበላሁም ባይ ነው። ደሴ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ «ቤተሰብ፣ አሁን ላይቭ ነን፣ ላይክ እያደረጋችሁ» ይላል። መሪጌታ ስለ ርግብና ስለ ኖኅ ሰፊ ትርጓሜ ያስተምራሉ። ጅግራ ካጠገባችን ቱር ብላ ስትነሣ ያየኋት እኔና ጽጌ ብቻ ነን።

ሜዳው ዳር ከፍ ያለ የአፈር ክትር አለ። እሱን ከለላ አድርገን በደረታችን ተኛን። ሙሉ ልብስ ለብሶ በደረቱ የተኛ ርዕሰ መምህር ማየት ለብቻው የመንገዱን ድካም የሚክስ ነገር ነው። ሽመላዎቹ ገና አልመጡም። ጽጌ መነጽሩን ከአንገቷ አውጥታ «እስከዚያው ተለማመዱበት» ብላ ለምንይችል ሰጠችው።

«የኔታ ይቅደሙ እንጂ» አለ ምንይችል፣ መነጽሩን እንደ ትኩስ ድንች እያሻገረ።

«ኧረ አይደረግም! ርዕሰ መምህር እያለ እኔ?» አሉ መሪጌታ።

«አፈር ስሆን የኔታ! ከእርስዎ በፊትማ ዓይኔ ይጥፋ።»

«እንግዲያው ለእንግዳዋ፣ ለወይዘሮ ከሪማ ይሰጥ።»

እንግዳ? እኔ እዚህ ከተማ ተወልጄ፣ እዚህ ከተማ ወልጄ! መነጽሩን ተቀብዬ ለጽጌ መለስኩላት። በዚያ ሁሉ ግብዣ መሀል አንድም ሰው ዓይኑን አላስጠጋበትም። ጽጌ ግን አልተከፋችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዋናውን ነገር ነገረችን።

«ጋሼ ቻላቸው በመኪና መንገዱ ድረስ ይመጣሉ። መኪናውን ስሰማ እኔ ጎንበስ ብዬ ሄጄ በክትሩ ሥር ይዣቸው እመጣለሁ። እናንተ እንደተኛችሁ ቆዩ። በእመቤቴ ይዣችኋለሁ፣ ማንም እንዳይነሣ። አንድ ሰው ከቆመ ወፎቹ ይሄዳሉ።»

«እንዴ! ይሄማ ግልጽ ነው» አለ ምንይችል።

«ተኝተን እንቀበላቸዋለና» አሉ መሪጌታም፣ ፈገግ ብለው።

ሽመላዎቹ የመጡት ፀሐይ ጫፉን ስታሳይ ነው። መጀመሪያ ድምፃቸው መጣ፣ ከሰማይ ላይ የሚነፋ ጥሩምባ ዓይነት። ከዚያ በሰልፍ ታዩ። እየዞሩ ወረዱ፣ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ክንፋቸውን ከፍተው፣ አንዱ ከአንዱ ሳይጋጭ ሜዳው ላይ ቆሙ። አመድማ ሰውነት፣ ረጅም አንገት፣ ዝግ ያለ አረማመድ። እኔ በነገር ሁሉ የማሾፍ ሴት ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን የማሾፍበት አጣሁ። እንባ መጣብኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

«ስብሐት ለእግዚአብሔር!» አሉ መሪጌታ በሹክሹክታ፣ እያማተቡ። «ይህ ሁሉ ፍጥረት እዚህ እያለ እኔ የት ነበርኩ?»

«እውነትም ብዙ ናቸው» አለ ምንይችል። ሽምብራውን እንኳ ማኘክ አቁሟል።

«ፓ!» አለ ደሴ። ስልኩን ግን አላወጣም፤ ባትሪው ለአቶ ቻላቸው መምጫ ይቆጠብ ተብሏል።

ሁላቸውም አዩ። ይህን ልብ ይባልልኝ። መሪጌታም፣ ምንይችልም፣ ደሴም፣ በተራቀቀ መነጽር ሳይሆን በገዛ ዓይናቸው አዩ። ጽጌ ፊቷን ወደኔ መልሳ ዝም ብላ ሳቀች። ከዚያች ሳቅ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ከዚያ ጠበቅን። ሰውዬው ዘገየ። ትልቅ ሰው በሰዓቱ ከመጣ ትልቅነቱ በምን ይታወቃል? ውርጩ ሟሙቶ ሆዳችን ረጠበ። ወፎቹ ግን አልሄዱም፤ የሳር ፍሬ እየለቀሙ ወደ እኛ ይቀርቡ ጀመር። ጽጌ ጆሮዋን ወደ መኪናው መንገድ አቁማለች። ሰውዬው ግን በመኪናው መንገድ አልመጣም። መኪናውን ከወዲያ አቁሞ በእግሩ አቋርጦ፣ ከኋላችን በኩል መጣ። ድንገት ከበላያችን ጫማ ተንኮሻኮሸ።

«እንደምን አደራችሁ?» አለ አቶ ቻላቸው፣ አዳራሽ እንደገባ ሰው ጮክ ብሎ።

«ኖር!»

ከሁሉ ቀድመው የተነሡት መሪጌታ ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ብድግ! ምንይችል ከረባቱን እያስተካከለ «ኖር፣ ኖር ክቡር ሰብሳቢ!» ብሎ ተነሣ። ደሴ ስልኩን ይዞ ተነሣ። እኔም ራሴ ልቤ «ተኚ» እያለኝ ጉልበቴ አልሰማ ብሎኝ ግማሽ ድረስ ብድግ ብያለሁ። በዚህ አገር ሰው ሲመጣ መነሣት ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው፤ ቤት ይቃጠል እንጂ እንግዳ ቆሞ ቁጭ አይባልም። ነጩ ጋቢና ብርቱካኑ ጃኬት ከክትሩ በላይ ብቅ አሉ። ሜዳው ሙሉ ክንፍ ሆነ።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ አትነሡ» አለ ሰውዬው፣ ደስ ብሎት። ዓይኑ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ሲያይ ነበር። ከጀርባቸው የተነሣውን አላየም። የደሴ ስልክም እሱን ብቻ ነው የቀረጸው።

ያልተነሣችው ጽጌ ናት። በደረቷ እንደተኛች «ተኙ! ስለ እግዚአብሔር ተኙ! እየዞሩ ነው፣ ከተኛችሁ ይመለሳሉ!» ብላ ጮኸች።

እውነቷን ነበር። ወፎቹ ወዲያው አልሄዱም። ከሜዳው ማዶ ዝቅ ብለው እየዞሩ ወደ ታች ያያሉ። ብንተኛ ይመለሱ ነበር። ግን እንዴት ተብሎ! እንግዳው ሳይቀመጥ ማን ይቀመጣል? እንግዳው ደግሞ ሳሩን አየው፤ ረጥቧል። ሱሪውን አየው፤ አዲስ ነው።

«ይቺን አንጥፉላቸው» አሉ መሪጌታ ጋቢያቸውን እያወለቁ።

«ኧረ የኔታ! በእርስዎ ጋቢ ላይ? ምን በወጣኝ!» አለ ሰውዬው።

«የኔ ኮት ይነጠፍ» አለ ምንይችል፣ አንድ እጅጌውን ብቻ አውልቆ።

«አይሆንም፣ የኔታ ከተቀመጡ ነው እኔ የምቀመጥ።»

«እርስዎ ሳይቀመጡማ እኔ አልቀመጥም።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ጽጌ ከመሬት «ኧረ ፈጠን በሉ! አሁንም እየዞሩ ነው!» ትላለች። ድምፅዋ እየተሰበረ ነበር። ቀና ብዬ አየሁ፤ ወፎቹ እየዞሩ ከፍ፣ ከፍ አሉ። በመጨረሻ የኔ የስንቅ መሶብ ጨርቅ ተነጥፎ ሰውዬው ቁጭ አለ፤ መሪጌታም ቁጭ አሉ፤ ሌሎቹም በየማዕረጋቸው ቁጭ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ሽመላዎቹ ወደ በሽሎ ቆላ አቅጣጫ የሚሄዱ ነጠብጣቦች ሆነው ነበር።

«ታዲያ የታሉ ወፎቹ?» አለ አቶ ቻላቸው፣ ሰማዩን ሳይሆን ምንይችልን እያየ።

 እነ ምንይችል አሁን በረሩ ቢሉት፣ ማን አባረራቸው ሊል ነው። እርስዎ ዘግይተው፣ ጮኸው፣ ቆመው ነው ሊሉት? ምንይችል ግን መላ ነበረው። ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣና ባዶ ሰማይ ሥር፣ ባዶ ሜዳ ፊት፣ ሽመላ ለቱሪዝም ስላለው ጠቀሜታ ንግግር አደረገ። መሪጌታ ባረኩ። ደሴ ፎቶ አነሣ። ሰውዬው ዳቦዬን በላ፤ ጥሩ ነው አለ፤ ደገመው።

ስንመለስ ከጎኔ ሄደና «ያቺ መምህርት ምን ነክቷት ነው? ሰው ሲመጣ አትነሣም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ማለዳ ሁሉ ይዞ የተመለሰው ነገር ይኼው ነበር።

ጽጌ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። «እሳቸው ባያዩም እነ የኔታ አይተዋል፣ ይመሰክሩልኛል» ትለኛለች።  እኔ ግን ሱቄ መጥተው ሻሽ ሲመርጡ አይቻቸዋለሁ፤ ሦስቱም ሰው የመረጠውን ነው የሚመርጡት።

ስብሰባው ሳምንት ሳይሞላ በአዳራሹ ተጠራ። እኔም ገብቼ ከጽጌ ጎን ተቀመጥኩ። አቶ ቻላቸው ከመድረኩ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ በቃሌ መሠረት በማለዳ ተነሥቼ ቀጨሞ ሜዳ ሄጃለሁ። አንድም ወፍ አላየሁም። ግን አምባገነን እንዳልባል ሌላውንም እጠይቃለሁ። አይቻለሁ የሚል እጁን ያውጣ።»

ጽጌ እጇን አወጣች። እኔ አወጣሁ። ዞር ብዬ የወፍ አፍቃሪዎቹን አየሁ። ምንይችል ከረባቱን ያያል። ደሴ ስልኩን ይነካካል። መሪጌታ ከኋላችን ወንበር ላይ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደከተቱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የሚጸልዩ ይመስላሉ።

«ወይዘሮ ከሪማ እንኳ የማኅበሩ አባል አይደለችም» አለ ምንይችል ሳይጠየቅ። «ስንቅ ይዛ ነው የሄደችው።»

«እሷማ ዶሮዋን አይታ ይሆናል» አለ ሰውዬው። አዳራሹ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። «ዶሮ የት እንዳለማ አሳምሬ አውቃለሁ፤ አውራ ዶሮ ነን የሚሉት ሁሉ ዛሬ እጃቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል!» አልኩ። ያኔ ማንም አልሳቀም። ምስክርነቴም መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ እጅሽን አውርጂ ተባልኩና ተቀመጥኩ።

ጽጌ ተነሥታ ወደ ምንይችል ዞረች። «ጋሼ፣ ‹እውነትም ብዙ ናቸው› አላሉም? አጠገብዎ ነበርኩ።»

«እኔ ብዙ ነገር እላለሁ» አለ ምንይችል።

«አንተስ ደሴ?» አለችው። ደሴ ትከሻውን ነቀነቀ። «ቪዲዮው ላይ የለም እኮ፣ ሲስተር» አለ።

«እንግዲህ አንዲት ሴት ብቻዋን ያየችውን ወፍ ጉባኤው ሊያጸድቅ አይችልም» አለ አቶ ቻላቸው። «ወደሚቀጥለው ነጥብ እንለፍ።»

ወደሚቀጥለው ነጥብ ታለፈ። ችግኙ ከየት እንደሚመጣ፣ አጥሩ እንዴት እንደሚታጠር ተወራ። ጽጌ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እጇን ግን አላወረደችም። ሰው እየዞረ ያያታል። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይስቃል። እኔ ቀሚሷን ብጎትት አልሰማ አለችኝ።

መሪጌታ ከኋላችን ጎንበስ አሉ። «አውርጂው ልጄ፣ ክንድሽ ይዝላል» አሏት በሹክሹክታ።

«የኔታ፣ እርስዎ አይተዋቸዋል» አለች ጽጌ ሳትዞር። «አማትበዋል። ሰምቻለሁ።»

«አይቻለሁ። ባላይማ ዓይኔ አይደለም። ታዲያ እሳቸው አላየሁም ብለው ከተናገሩ በኋላ አየሁ ብል፣ ሰው ፊት ማዋረድ አይሆንብኝም? አንቺም ብትሆኚ ያን ዕለት ብትነሺላቸው ምን ነበረበት?»

ጽጌ እጇን አወረደች። መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መሪጌታን የምላቸው ሞልቶኝ ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ያንቀኛል።

አቶ ቻላቸው ቁፋሮው ሰኞ እንዲጀመር ሐሳብ አቀረበ። ጉባኤው በጭብጨባ ተቀበለው። መሪጌታም እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው አጨበጨቡ።